የድሮ ዕቃ ሥራ ይሰጠው፦ ልጅና ግርግር በማያጣው ቤት በጥንታዊ ዕቃ መኖር

አክስቴ የተወችልኝ ባለ አራት መሳቢያ ኮመዲኖ አለ። ለዓመታት በእንግዳ ክፍል ጥግ አንሶላ ለብሶ ቆመ። «እንዳይጫር» እያልን ማንም አይነካውም ነበር። በኋላ ሳየው ሦስተኛው መሳቢያ አልከፈት ብሏል። ውስጡም የታፈነ ሽታ ይዟል። አንድ ቀን ቆርጬ ተነሣሁና መግቢያው በር አጠገብ አቆምኩት። ላይኛው መሳቢያ የቁልፍና የመነጽር ሆነ። ሁለተኛው የቻርጀርና የባትሪ፣ ሦስተኛው የኮፍያና የሻርፕ፣ ታችኛው የልጆች ጫማ። ከዚያ ወዲህ ሁለት አዲስ ጭረት አግኝቷል። ጠዋት ጠዋት ግን ቁልፍ ፍለጋ የሚተራመስ ሰው የለም።

ይህ መመሪያ ሰው ለሚኖርበት ቤት ነው። ልጅ ይሯሯጣል፣ ውሃ ይደፋል፣ ቦርሳ የትም ይወረወራል። እንዲህ ባለ ቤት ጥንታዊ ዕቃ አይሆንም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። አብዛኛው የድሮ ዕቃ ሲሠራም ብዙ ሰው እንዲገለገልበት ታስቦ ነው። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ዕቃ ሥራ ማግኘቱ ነው።

1. ከዕቃው በፊት ቤቱን እዩት

ለአንድ ሳምንት ምንም አትግዙ፣ ምንም አታንቀሳቅሱ። ዕቃ የሚከመርበትን ቦታ ብቻ በማስታወሻ ጻፉ። ጫማ የት ይወልቃል? ቦርሳ የት ይጣላል? ያልተከፈተ ደብዳቤ፣ የስልክ ገመድ፣ የልጆች እርሳስ የት ተቆልሎ ያድራል? ሰው ኮቱን ወንበር ላይ የሚጥለው መስቀያው ስለራቀው ነው። ክምሩ ያለበት ቦታ አንድ ዕቃ እንደሚጎድለው እየነገራችሁ ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ አምስት ወይም ስድስት ክምር ይኖራችኋል። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚያስፈልገውን ጻፉ። «ጫማ የሚያስገባ አግዳሚ ወንበር»፣ «ወረቀት የሚደብቅ መሳቢያ»፣ «አልጋ አጠገብ መብራት የሚያስቀምጥ ትንሽ ጠረጴዛ»። ዕቃ ፍለጋ ስትወጡ ይህን ወረቀት ያዙ። ዓይን የሚማርክ ነገር ስታዩ ከወረቀቱ ላይ ሥራ ካጣችሁለት እለፉት። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቤትን ዕቃ ማከማቻ የሚያደርገው «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ የገባው ነገር ነው።

ቀጥሎ ሜትር አውጡ። የሚቆምበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን የሚገባበትን በር፣ ኮሪደርና ደረጃም ለኩ። የድሮ ቁምሳጥን ብዙ ጊዜ ተፈታቶ ይገጣጠማል፤ የማይፈታ ከሆነ ግን በሩ ላይ ይቀራል። ሰው የሚመላለስበት መንገድ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ክፍት ይሁን። ከሶፋ እስከ ፊቱ ያለው ጠረጴዛ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የምግብ ጠረጴዛ ከፍታው 75፣ የወንበር መቀመጫ 45 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የድሮ ወንበር ግን ከዚህ ዝቅ ሊል ይችላል፤ እግሩ የተቆረጠም ይኖራል። ከመቀመጫው እስከ ጠረጴዛው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ካለ ሰው ተመችቶት ይበላል። በጠረጴዛው ዙሪያ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር አስቡ።

2. ዕቃውን ገልብጣችሁ መርምሩ

በንግዱ ዓለም ልማድ «ጥንታዊ» የሚባለው 100 ዓመት የሞላው ነው። ለሚኖርበት ቤት ግን ዕድሜው ያን ያህል አያስጨንቅ። 50 ዓመት የሆነው፣ ከደህና እንጨት የተሠራ ኮመዲኖ ያው አገልግሎት ይሰጣል፤ ሲጫርም አንጀት አይበላም።

ከፊት ያለውን ውበት ተዉትና መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ሳቡት። መሬት ላይ አስቀምጡት፤ ከጎን እዩት። ፊቱና ጎኑ የተያያዙበት ማዕዘን ላይ እንደ ርግብ ጅራት ወደ ጫፉ ሰፋ የሚሉ ጥርሶች ታያላችሁ። ጥርሶቹ ጥቂትና እኩል ያልሆኑ ከሆኑ፣ አጠገባቸውም አናጢው በቢላ ያሰመራት ቀጭን መስመር ካለች የሰው እጅ ሥራ ነው። ሁሉም ልክክ ብለው እኩል ከሆኑ ማሽን ነው። በምስማር ወይም በስቴፕል ብቻ የተያያዘ ከሆነ ብዙ አትጠብቁበት።

አሁን የመሳቢያውን ሆድ ገልብጡ። መዳፋችሁን በቀስታ አሳልፉበት። በእጅ መላጊያ የተላገ እንጨት ከፍ ዝቅ የሚል ማዕበል አለው፤ ዓይን ባያየው ጣት ያገኘዋል። ቀጥ ያሉ የመጋዝ ምልክቶች የእጅ መጋዝ ወይም ወደላይና ወደታች የሚሄድ መጋዝ ናቸው። ቅስት የሆኑት በክብ መጋዝ የተሰነጠቁ ናቸው፤ ያ መጋዝ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ብሎኖቹንም እዩ። ጭንቅላቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን ወደ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። «የ200 ዓመት» በተባለ ዕቃ ላይ ካገኛችሁት ወይ ዕቃው አዲስ ነው፣ ወይ አንድ ሰው ጠግኖታል። መጠገኑ ነውር የለውም፤ ግን ዋጋ ስትነጋገሩ ይነሣ።

ክብ ጠረጴዛ ካገኛችሁ በሁለት አቅጣጫ ለኩት። እንጨት ሲደርቅ የሚኮማተረው በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ ብዙም አይቀንስም። ስለዚህ የእውነት ያረጀ ክብ ጠረጴዛ በትንሹ ሞላላ ሆኖ ይገኛል። ይህን የተማርኩት ከአንድ ሽማግሌ አናጢ ነው። እስካሁን የድሮ ጠረጴዛ ባየሁ ቁጥር ሜትሬን አወጣለሁ።

በመጨረሻ ነቀዝ ፈልጉ። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ክብ ቀዳዳዎች ነፍሳቱ የወጡባቸው ናቸው። ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ድሮ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ነካ ነካ ስታደርጉት እንደ ዱቄት ያለ አዲስ ብናኝ ከወረደ ግን አሁንም እየተበላ ነው። ወንበር ከሆነ ተቀመጡበት፤ ግራና ቀኝ ተወዛወዙ። ትንሽ መነቃነቅ ይጠገናል። እግሩ የተሰነጠቀ ወንበር ግን ልጆች ባሉበት ቤት አይግባ።

ለዚህ ዓይነት ቤት የምወደው ወንበር ዕቃ ሠሪው ሚካኤል ቶኔት እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣው ቁጥር 14 ነው። በእንፋሎት ከተጎነበሰ እንጨት የተሠራ ነው። ክፍሎቹ 6 እንጨት፣ 10 ብሎንና 2 ዳዶ ብቻ ናቸው። ተፈታቶ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ይገባ ነበር። ቀላል ነው፣ ልጅ ያነሣዋል፣ ሲላላ ብሎኑን ታጠብቃላችሁ። የእሱ ዝርያዎች በየቦታው ይገኛሉ።

3. የማይገባውን እወቁ

እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ።

የድሮ የሕፃን አልጋ ልጅ አታስተኙበት። የዘንጎቹ ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ የሕፃኑ ገላ ሾልኮ ጭንቅላቱ ይያዛል። ብርድ ልብስ ማንጠልጠያ አድርጉት።

የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ ለቤት ቀለም እርሳስ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እየተላጠ ያለ የድሮ ቀለም ካያችሁ በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አትፈግፍጉት። ብናኙ ነው የሚጎዳው፤ ትንንሽ ልጆችን ደግሞ ይብሳል። መመርመሪያ ገዝታችሁ ፈትሹ፤ ወይም ዕቃውን ተዉት።

ክዳኑ ከባድ የሆነ ትልቅ ሳጥን ጣት ይቀጠቅጣል። ልጅ ገብቶበት ከተዘጋ ደግሞ አየር ያጥራል። መቆለፊያውን ንቀሉ፣ በጀርባው የአየር ቀዳዳ አብጁ፣ ክዳኑን ቀስ ብሎ የሚያወርድ ማጠፊያ ግጠሙ። ይህን ካላደረጋችሁ ሳጥኑ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

በጨርቅ የተሸፈነ የመብራት ገመድ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። አምፖሉ ቢበራም ገመዱን፣ ስፒናውንና የአምፖል መያዣውን በአዲስ አስቀይሩ። በጨለማ የሚያበራ ቁጥር ያላቸው ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠሩ ሰዓቶች ራዲየም ሊኖራቸው ይችላል፤ አትክፈቷቸው። የድሮ የሸክላና የክሪስታል ዕቃ ደግሞ ያ መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ምግብና መጠጥ አታስቀምጡበት። አበባ፣ የመጻፊያ እርሳስና ብሩሽ ይያዝ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት የተሠራ መስታወት ጀርባው በቆርቆሮና በሜርኩሪ የተቀባ ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን አትፈግፍጉ።

4. ማጽዳትና መጠገን

ዕቃው እንደመጣ ቀጥታ ሳሎን አይግባ። ለሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው ይቀመጥ። ሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፉ፤ ብናኝ ከወረደበት ነቀዙ ሕያው ነው። ትንሽ ዕቃ ከሆነ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ትልቅ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት ሳሙና ጠብ አድርጉና ጨርቁን በደንብ ጨምቃችሁ አንዱን ጥግ ሞክሩ። ጨርቁ እርጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተከተሉት። አብዛኛው «ጥቁር» ዕቃ ጥቁር አይደለም፤ የእጅ ወዝና የዓመታት ጭስ ነው። በዚህ ብቻ ሌላ ዕቃ ሲሆን ታያላችሁ።

የድሮውን ቅብ ለመንቀል አትቸኩሉ። በዓመታት የመጣውን ቀለምና ወዝ በአንድ ከሰዓት በብርጭቆ ወረቀት ካነሣችሁት አይመለስም። መጀመሪያ የተቀባውን እወቁ። በማይታይ ቦታ አልኮል የነካ ጥጥ አስነኩ። የሚለጠፍ ከሆነ ጎማላካ፣ ማለትም በአልኮል የሚሟሟ የድሮ የእንጨት ቅብ ነው። ጎማላካ ሙቀትና አልኮል አይወድም፤ ግን በላዩ እንደገና በቀላሉ ይቀባል።

ነጭ ክብ ምልክት ብዙ ጊዜ ቅቡ ውስጥ የገባ እርጥበት ነው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አንጥፉ። እንፋሎቱ የጠፋ፣ ለብ ያለ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ አሳርፉበት። አንሡና እዩ፤ ድገሙት። ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ጥቁር ምልክት ከሆነ ግን ውሃው እንጨቱ ውስጥ ደርሷል። እሱን እኔ አልታገለውም፤ ትሪ አስቀምጥበታለሁ።

ወደ አልከፈት ያለኝ መሳቢያ ልመለስ። አውጥቼ ገለበጥኩት። የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ጠርዞች ደርቀው ሸካራ ሆነዋል። ተራ ሻማ አነሣሁ። ጠርዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠንከር አድርጌ አሸሁት፣ ሰሙ ነጭ መስመር እስኪተው። በኮመዲኖው ውስጥ ያለውን የእንጨት ሐዲድም እንዲሁ። መሳቢያውን መለስኩና በአንድ ጣት ገፋሁት። ሹልክ ብሎ ገባ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ዘይት አትቀቡ፤ ዘይት አቧራ ይይዛል።

ለሽታው መሳቢያዎቹን አውጥታችሁ ጥላ ባለበት ነፋስ ላይ አንድ ሁለት ቀን አቆዩ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ወይም ከሰል በክፍት ዕቃ አድርጋችሁ ለሳምንት ውስጡ ተዉ። ሽታው እንቢ ካለ የውስጡን እንጨት ጎማላካ ቀቡት፤ ያፍነዋል።

የሚነቃነቅ ወንበር ላይ ምስማር አትምቱ። ምስማር እንጨቱን ይሰነጥቃል፣ መገጣጠሚያውም ይበልጥ ይላላል። የድሮ ወንበር ብዙ ጊዜ በእንስሳ ሙጫ የተያያዘ ስለሆነ በሙቅ ውሃ ይለቃል። መገጣጠሚያውን በጥንቃቄ አላቅቁ፣ አሮጌውን ሙጫ አጽዱ፣ አዲስ ሙጫ ቀብታችሁ በገመድ ጥርቅም አድርጋችሁ እሰሩትና አንድ ሌሊት ይደር።

ለመጨረስ የንብ ሰም ቅባት በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ በለስላሳ ጨርቅ እስኪያበራ አሹ። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። ሲሊኮን ያለበትን የሚረጭ ማወልወያ ተዉት፤ በኋላ ቅብ እንዳይዝ ያደርጋል። ናስ ላይም አትጣደፉ። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ። ከያዘው በናስ የተለበጠ ብረት ነው፤ አጥብቃችሁ ከወለወላችሁት ልባጡ ይነሣል።

5. ቦታ መስጠት

አሁን ወረቀታችሁን አውጡ።

መግቢያው ላይ ኮመዲኖ፣ በላዩ ትሪ፣ ከትሪው በላይ መስታወት። ይህ ሦስትዮሽ የማንንም ቤት ጠዋት ያቀልላል። የልጆች መስቀያ በልጆቹ ቁመት ይሁን፤ እነሱ ካልደረሱበት እናንተ ናችሁ የምትሰቅሉት።

የድሮ ብፌ ለሳህን ብቻ አይደለም። ቴሌቪዥን ይሸከማል፤ ገመዱ በጀርባው በተከፈተ ቀዳዳ ይገባል፣ የልጆች ጨዋታ በመዝጊያው ጀርባ ይደበቃል። የኋላው ሳንቃ ብዙ ጊዜ በኋላ የተለወጠ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ቀዳዳ የሚከፈተው እሱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሳንቃ ከሆነ ግን ተዉት፤ ገመዱን በጎን አሳልፉት። የቀድሞ የትምህርት ቤት ዴስክ የቤት ሥራ ቦታ ይሆናል። መሰላል ፎጣ ይሰቀልበታል። የልብስ ሻንጣ ሦስቱ ተደራርበው የአልጋ አጠገብ ጠረጴዛ ናቸው፤ በክረምት የበጋ ልብስ፣ በበጋ የክረምት ልብስ ይይዛሉ።

ሁለት ጠላቶችን አስቡ። አንደኛው ፀሐይ ነው። በቀጥታ ሲመታው እንጨትም ጨርቅም ይደበዝዛል፣ የደበዘዘውም አይመለስም። ሁለተኛው የእርጥበት መለዋወጥ ነው። ለእንጨት ከ40 እስከ 60 በመቶ ያለ የአየር እርጥበት ይስማማዋል። ከማሞቂያ አጠገብ ይሰነጠቃል፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ይሻግታል። ከግድግዳው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ለመታጠቢያ ቤት የብረትና የሸክላ ዕቃ ምረጡ።

በአንድ ክፍል አንድ ትልቅ የድሮ ዕቃ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። እሱ ይናገር፤ ሶፋው አዲስና ቀላል ይሁን። ሁሉም ነገር የድሮ ሲሆን ክፍሉ ይከብዳል። ሥዕልና ፎቶ ስትሰቅሉ የሥዕሉ መሐል ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዋል። አምፖሉ 2700 ኬልቪን (ሞቅ ያለ፣ ቢጫ የሚል ብርሃን) የሆነ ኤልኢዲ ይሁን፤ ብርሃኑ ለእንጨት ቀለም ይስማማል፣ እንደ ድሮው አምፖልም አይግልም።

6. ከግድግዳ ጋር እሰሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ልጅ መሳቢያዎቹን እንደ ደረጃ ይወጣቸዋል። ሁለት መሳቢያ ተከፍቶ ልጅ ከተንጠለጠለበት ከባድ ኮመዲኖም ወደፊት ይወድቃል። በጀርባው ላይኛው ጫፍ፣ በጠንካራው የእንጨት አካል ላይ ሁለት የብረት ማዕዘን ወይም ማሰሪያ በብሎን እሰሩ። ግድግዳውን በድሪል በሱት፣ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ የፕላስቲክ ቱቦ) አስገቡ፣ አጥብቁት። በስሱ የኋላ ሳንቃ ላይ አትሰሩ፤ ተገንጥሎ ይወጣል። ስትጨርሱ መሳቢያዎቹን ሁሉ ከፍታችሁ በእጃችሁ ወደ ፊት ሳቡት። ካልተነቃነቀ ጨረሳችሁ። ከባድ ዕቃ ታችኛው መሳቢያ ይግባ። ልጅ የሚመኘውን አሻንጉሊት አናቱ ላይ አታስቀምጡ።

ትልቅ መስታወት በአንድ ምስማር አይሰቀል። ሁለት መስቀያ፣ ክብደቱን የሚችል። የድሮ ሽቦና ገመድ ካለው ቀይሩት።

7. ለዕለት ኑሮ ማመቻቸት

ከወንበር እግር ሥር ፌልት (ወፍራም ለስላሳ የጨርቅ ቁራጭ) ለጥፉ። ከምንጣፍ ሥር የማያንሸራትት ንጣፍ ይግባ፤ ምንጣፉንም ዕድሜ ይጨምርለታል። የወንበር መቀመጫው የሚወጣ ከሆነ ቁርበት መሰል ወይም ታጥቦ የሚመለስ ጨርቅ አልብሱት። የድሮውን ጨርቅ አትቅደዱት፤ ከሥሩ ይቀመጥ። ጠረጴዛ ላይ መስታወት ካደረጋችሁ በየጥጉ ትንንሽ የጎማ ነጥቦች ጣል አድርጉ። መስታወትና እንጨት ሲጣበቁ በመሐል የገባ እርጥበት መውጫ ያጣል።

ልጆቹን ደግሞ አታባርሩ። አብረው ሰም ይቀቡ። ልጄ የወንበሩን እግር በገዛ እጇ ካሸች በኋላ ከእኔ ይልቅ እሷ ናት «ትሪ አድርጉበት!» የምትለው።

አንድ የመጨረሻ ሥራ አለ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁራጭ ወረቀት ጻፉ፦ ከማን መጣ፣ መቼ ተጠገነ፣ ምን ተቀባ፣ የተለወጠው ብሎን ወይም እጀታ የቱ ነው። የወለቀውን የድሮ እጀታ ከወረቀቱ ጋር ፖስታ ውስጥ ክተቱት። ፖስታውን በፕላስተር አትለጥፉት፤ ሙጫው እንጨቱን ያበላሻል። ታችኛው መሳቢያ ሥር ይጋደም። የአክስቴ ኮመዲኖ ፖስታ ውስጥ አሁን ሁለት ወረቀት፣ አንድ የናስ እጀታና ያቺ የተጋመሰች ሻማ አሉ።